የለጋሾች ደም የመሰከረለት ቫይረስ

በ1960ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የ34 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አንድ ቀዶ ሐኪም ታመሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕመማቸው እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ነበር። የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫነቱ በታየ በሦስተኛው ቀን ደም ተቀዳላቸው። ደሙ እዚያው ከተማ ይሠሩ ወደነበሩት ወደ ፍሪድሪክ ዳይንሃርት ቤተ ሙከራ ሄደ። ዳይንሃርትና ባልደረቦቻቸው ከደሙ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ሴረሙን፣ ታማሪን ለሚባሉ ትናንሽ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ወጉ። የጦጣዎቹ ጉበት ተቆጣ። ከታመሙት ደም ወስደው ጤነኞቹን ወጉ፤ እነሱም ታመሙ። ከእነሱ ወደ ሌሎች፣ ከሌሎቹም ወደ ሌሎች እያሻገሩ በሽታውን ሳይጠፋ አቆዩት። በ1967 ሥራቸውን ሲያሳትሙ በእጃቸው የነበረው በሽታውን የሚያስተላልፍ ደም እንጂ በዓይን የታየ ቫይረስ አልነበረም። ስለዚህ የበሽታው ምክንያት ምንነቱ ሳይታወቅ በታማሚው ሐኪም ስምና የአባት ስም መነሻ ፊደላት "ጂቢ" ተባለ።

ወዲያው ጥርጣሬ ተነሣ። ቫይረሱ የሰው ሳይሆን የጦጣዎቹ የራሳቸው ቢሆንስ? የተኛ ቫይረስ በመርፌው ተቀስቅሶ ቢሆንስ? በወቅቱ ይህን የሚለይ መሣሪያ ስላልነበረ ሴረሙ በበረዶ ተቀምጦ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያው ዘመን ቤቴስዳ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሌላ ጭንቀት ነበር። ልባቸው ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውና ብዙ ደም ከተሰጣቸው ታማሚዎች ሲሦ ያህሉ በኋላ የጉበት ብግነት ይይዛቸው ነበር። ከሞት የሚያተርፈው ደም ሌላ በሽታ ይዞ ይገባል ማለት ነው። ከደሙ ብዙው ይገዛ የነበረው ገንዘብ ከቸገራቸው ሰዎች ነበር። በ1970 ገደማ ተቋሙ የሚገዛ ደም ትቶ በነጻ የሚለግሱ ሰዎችን ብቻ መቀበል ጀመረ፤ በባሩክ ብሉምበርግ ግኝት ላይ የተመሠረተው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ተጨመረ። የበሽተኞቹ ቁጥር ከ33 በመቶ ወደ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህን ውጤት ካመጡት ለውጦች ዋነኛው ለጋሾቹን መቀየር ነበር። በነጻ የሚሰጥ ሰው ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

የቀረው 10 በመቶ ግን አልተፈታም። የተቋሙ ተመራማሪ ሃርቪ ኦልተርና ባልደረቦቻቸው ደም ከሚወስደው ታማሚ ደም ከመውሰዱ በፊትና ከወሰደ በኋላ በየጊዜው ናሙና እየቀዱ፣ የለጋሹንም ናሙና ከጎኑ እያኖሩ በማቀዝቀዣ አጠራቀሙ። ምንነቱ ላልታወቀ ጠላት ማስረጃ እያስቀመጡ ነበር። በ1973 ስቲቨን ፋይንስቶንና ባልደረቦቹ የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። በ1975 የተጠራቀሙት ናሙናዎች ሲፈተሹ ከደም ጋር የመጣው በሽታ ኤም ቢም እንዳልሆነ ታወቀ። ስምም ስላልተገኘለት ለ14 ዓመታት "ኤም ያልሆነ ቢም ያልሆነ" እየተባለ ተጠራ። በ1989 ማይክል ሃውተንና የካይሮን ኩባንያ ባልደረቦቻቸው ሄፓታይተስ ሲን ለዩ። በ1990 ምርመራው ወደ ደም ባንኮች ገባ። ኦልተር፣ ሃውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ ሥራ ነው።

ሲ ከተገኘም በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ብግነት ቀረ። ሄፓታይተስ ዲና ኢ ቀድሞም ተለይተው ታውቀዋል፤ በ1994 ኤፍ ተብሎ የቀረበው ግን ማረጋገጫ አጣ። ተመራማሪዎቹ ቀጣዩን ፊደል ይዘው የሚቀጥለውን ቫይረስ ይጠብቁ ነበር። ታሪኩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስሙ ከባለቤቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ አጠገብ ያለው የአቦት ኩባንያ ተመራማሪዎች የጂቢን ሴረም ከበረዶ አወጡት። አሁን መሣሪያው ነበር። የአንድን ጦጣ ደም ከመወጋቷ በፊትና ከታመመች በኋላ ወስደው በሁለቱ ውስጥ ያለውን የዘረመል ቅንጣት አስተያዩ። በሁለቱም የሚገኘውን ሲያስወግዱ በኋለኛው ብቻ ያለው ቀረ። የቀረው የአንድ ሳይሆን የሁለት ቫይረሶች ቁራጭ ነበር፤ ጂቢቪ ኤና ጂቢቪ ቢ ተባሉ። ኋላ እንደታየው ኤው የጦጣዎቹ የራሳቸው ነው። ቢው የጦጣን ጉበት ያሳምማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አልታወቀም፤ ሰው ላይም አልተገኘም። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት የተነሣው ጥርጣሬ መሠረት ነበረው።

የአቦት ሰዎች ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ አንዳንድ የሰው ሴረሞች ለእነዚህ ቫይረሶች ፀረ እንግዳ አካል ያላቸው መስለው ነበር። ጆን ሳይመንስና ባልደረቦቹ ከእነዚያ ናሙናዎች ሦስተኛ ዘመድ አወጡ። ይህ የሰው ቫይረስ ነበር፤ ጂቢቪ ሲ ብለው በ1995 ኔቸር ሜዲስን ላይ አወጡት። ስለዚህ ሰው ላይ የተገኘው ቫይረስ የቺካጎውን ሐኪም ፊደላት ቢይዝም የተገኘው ከምዕራብ አፍሪካውያን ደም ነው።

በዚያው ወቅት ካሊፎርኒያ የሚገኘው ጂንላብስ የተባለ ኩባንያ በሌላ መንገድ እየመጣ ነበር። ሥር የሰደደ የጉበት ብግነት ካለበት አንድ ታማሚ ፕላዝማ አዲስ ቫይረስ ለዩና "ሄፓታይተስ ጂ" አሉት። ጽሑፋቸው ሳይንስ መጽሔት ላይ ጃንዋሪ 26 ቀን 1996 ወጣ። የሁለቱ ቡድኖች ግኝት ሲነጻጸር ቫይረሱ አንድ ነበር። ወደ 9,400 የሚጠጉ ፊደላት ያሉት የአርኤንኤ ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ሲ የቅርብ ዘመድ። ከሲ ጋር መዛመዱ ብቻውን ጥርጣሬ ለመጫር በቂ ነበር። ጃፓን ውስጥ በ1995 ጉበታቸው ባንድ ጊዜ ከከሸፈ 6 ታማሚዎች በ3ቱ ደም ውስጥ መገኘቱ ደግሞ ፍርሃቱን አባባሰው።

በሳይንሱ ጽሑፍ ውስጥ ግን ቫይረሱን ከክስ የሚያወጣው ማስረጃ ተቀምጦ ነበር። ጂንላብሶች ታማሚዎችን ብቻ ሳይሆን የአሜሪካ ደም ለጋሾችንም መርምረዋል። በሁለት ወገን ከፍለዋቸዋል። አንደኛው ወገን የጉበት ኢንዛይማቸው ልክ የሆነ፣ ደማቸው ለታማሚ የሚሰጥ ጤነኞች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ኢንዛይማቸው ከፍ በማለቱ ደማቸው የተመለሰ ናቸው። ቫይረሱ ጉበት የሚያሳምም ቢሆን በሁለተኛው ወገን በብዛት መገኘት ነበረበት። በሁለቱም ወገን ከ2 በመቶ በታች፣ ከሞላ ጎደል እኩል ተገኘ። እኔ እንደማምነው ይህ ከርዕሱ በላይ ሊነበብ ይገባው የነበረ ቁጥር ነው። ይሁንና አንባቢ የያዘው ርዕሱን ነበር፤ ርዕሱ ደግሞ በደም የሚተላለፍ አዲስ ሄፓታይተስ ይላል።

ጽሑፉ በወጣበት ሳምንት እስራኤል ውስጥ ስለ ለጋሾች ደም ሌላ ነገር ፈነዳ። ማአሪቭ ጋዜጣ የአገሪቱ ደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ሳይነግራቸው ለዓመታት ሲጥል መኖሩን አጋለጠ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የኤችአይቪ ስጋት ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ኢየሩሳሌም ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ። ክንዱን ዘርግቶ፣ ተመስግኖ፣ ደሙ ከጀርባው ቆሻሻ ውስጥ የተጣለበት ሰው ቁጣ ዛሬም ይገባኛል። በዓለም ዙሪያ የለጋሾች ደም እየተመረመረ "በእነ እገሌ አገር ይህን ያህል፣ በእነ እገሌ ያን ያህል" የሚል ሰንጠረዥ መውጣት የጀመረው በዚያው ዓመት በመሆኑ ሁለቱን ነገሮች አያይዤ አስባቸዋለሁ። ሰንጠረዡ የቫይረሱን መንገድ ይነግረናል፤ የአንድን ሰው ደም ግን ብልቃጡ እንጂ የትውልድ አገሩ አይናገርለትም።

ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚሞላ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ደም የሰጠ ሰው እንደሚያስታውሰው ከቦርሳው ሌላ ጥቂት ደም ለምርመራ ወደ ብልቃጥ ይቀዳል። ብልቃጡ በመሣሪያ ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይረጋል፣ ቢጫማው ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። ቫይረሱ ካለ ያለው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው። አርኤንኤ በቀላሉ የሚበላሽ ነገር ስለሆነ የላቦራቶሪው ባለሙያ ጓንት ለብሶ በበረዶ ላይ ይሠራል። አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፤ ከዚያ በፒሲአር ይባዛል። በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ እየሆነ ከ30 ዙር በላይ ሲሄድ ጥቂት ቅንጣት የነበረው በዓይን ወደሚታይ መጠን ይደርሳል። ውጤቱ በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ሲነዳ ቫይረሱ ያለበት ናሙና ቦታ ላይ የሚያበራ መስመር ይወጣል። ከናሙናዎቹ ጎን ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለበት ብልቃጥ አብሮ ይገባል። እሱ ላይ መስመር ከታየ የሆነ ቦታ ብክለት አለ ማለት ስለሆነ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል። ብዙ ዙር የሚያባዛ ምርመራ የሌላውን ናሙና ብናኝም እኩል ያባዛልና።

ዓይነቱን መለየት ከዚህ ይቀጥላል። መስመር የሰጠው ቁራጭ ፊደል በፊደል ይነበባል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የቫይረሱ ዘረመል መነሻ ላይ ያለው፣ ፕሮቲን የማይሠራበት ክፍል ነው። ያ ክፍል በአብዛኛው ስለማይለዋወጥ ፒሲአሩ አይስተውም፤ ጥቂት ቦታዎቹ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያሉ። ኤድንብራ ውስጥ ፒተር ሲመንድስና ባልደረቦቹ በ1997 ያሳዩት በዚህ አጭር ክፍል ብቻ ቫይረሱ ከየት አካባቢ እንደሆነ መለየት እንደሚቻል ነበር።

የዓለም ስዕል ቀስ በቀስ ወጣ። በበለጸጉት አገሮች ከጤነኛ ለጋሾች ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን በደማቸው ይዘው ተገኙ። በብዙ ታዳጊ አገሮች፣ በተለይም በአፍሪካ፣ ከ10 በመቶ አልፎ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋበት ቦታ ነበር። የበፊት መያዝን የሚያሳየው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በ1997 ሲመጣ ደግሞ ቫይረሱ ገብቶ የወጣላቸው ሰዎች አሁን ከያዙት በቁጥር እንደሚበልጡ ታየ። ጤናማ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያስወጣዋል። በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በዓለም ላይ የተሸከሙት ሰዎች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ይህን ያህል ሕዝብ ይዞት ይህን ያህል ጊዜ ሳይታወቅ የኖረ የሰው ቫይረስ ጥቂት ነው።

ዓይነቶቹም በየአካባቢያቸው ተሰለፉ። አንደኛው በምዕራብ አፍሪካ በዛ፤ ሁለተኛው በአውሮፓና በአሜሪካ፤ ሦስተኛው በጃፓንና በቻይና፤ አራተኛው በቬትናምና በምያንማር፤ አምስተኛው በደቡብ አፍሪካ፤ ስድስተኛው በኢንዶኔዥያ። የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ደም ሲመረመር የወጣው የእስያው ሦስተኛ ዓይነት ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ከሺዎች ዓመታት በፊት ከእስያ ሲሻገሩ ቫይረሱም አብሯቸው የተሻገረ ይመስላል። በዘር ሐረጉ ሥር አጠገብ የሚቀመጠው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው አምስተኛ ዓይነት ነው። በ1998 ቺምፓንዚዎች ላይ የቅርብ ዘመዱ ሲገኝ ቫይረሱ ከሰው ዘር ጋር ከአፍሪካ የወጣ ጥንታዊ ጓደኛ ነው የሚለው ሐሳብ በረታ። የአርኤንኤ ቫይረስ በፍጥነት እየተለወጠ ፕሮቲኖቹ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ብዙም ሳይለወጡ እንደቆዩ ያከራክራል። ቢሆንም ለጋሾች የሰጡት ጥቂት ሚሊሊትር የሰውን ልጅ ጉዞ ያህል ነገር መናገሩ ይደንቀኛል።

ፍርዱ የተሰጠው በ1997 ነው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጡ ሁለት ጥናቶች ነገሩን ቆረጡት። በአንደኛው ሃርቪ ኦልተር ለሩብ ምዕተ ዓመት ያጠራቀሟቸውን ናሙናዎች ከማቀዝቀዣ አወጡ። የለጋሹ ደም አለ፤ የታማሚው ደም ከመውሰዱ በፊትም ከወሰደ በኋላም አለ። ቫይረሱ ከለጋሹ ወደ ታማሚው መሻገሩ በግልጽ ታየ፤ ጉበቱ ግን በአብዛኛው አልታመመም። ሄፓታይተስ ሲ በያዛቸው ላይ ሲጨመርም በሽታቸው አልባሰም። ሁለተኛው ጥናት፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሏ ሚርያም ኦልተር የመሩት፣ ቫይረሱ ምክንያቱ ላልታወቀው የጉበት ብግነት ተጠያቂ እንዳልሆነ አሳየ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ቫይረሱ የሚባዛው ጉበት ውስጥ ሳይሆን በነጭ የደም ሴሎች፣ በመቅኔና በጣፊያ አካባቢ መሆኑን ደረሱበት። ደም ባንኮች ምርመራ አላስገቡም። ቢያስገቡ ኖሮ በአፍሪካ ከአሥር ጤነኛ ለጋሾች አንዱን ወይም ሁለቱን ያለ በቂ ምክንያት በመለሱ ነበር። ደም አጥታ በወሊድ ለምትሞት እናት ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ዛሬም የኢትዮጵያ ደም ባንክ እያንዳንዱን ከረጢት የሚመረምረው ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ነው።

በዚሁ 1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ደም ከተሰጠው በኋላ ጉበቱ የታመመ ሌላ ሰው ደም ሌላ ቫይረስ አስገኘ፤ እሱም በታማሚው መነሻ ፊደላት ቲቲ ተባለ። መጀመሪያ ከጃፓን ለጋሾች 12 በመቶው ላይ ተገኘ፤ ፒሲአሩ ሲሻሻል በሕዝቡ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው የያዘው ነገር በመገኘቱ ብቻ የጥቂቶች በሽታ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። የሄፓታይተስ ጂን ፍርድ ሌላ ቫይረስ ደገመው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ ሄደ። በ1998 ከጃፓንና ከጀርመን ኤችአይቪ ካለባቸው ሰዎች መካከል ይህን ቫይረስ የያዙት የተሻለ ሁኔታ ላይ ያሉ ይመስላሉ የሚል ወሬ መጣ። ሴፕቴምበር 2001 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ሁለት ጥናት ጎን ለጎን አወጣ። አይዋ ውስጥ ጃክ ስቴፕልተንና ባልደረቦቻቸው 362 የኤችአይቪ ታማሚዎችን ተከታትለው ነበር። ከእነሱ 144ቱ ጂቢቪ ሲ ነበረባቸው። በክትትሉ ዘመን ከእነዚህ የሞቱት 28.5 በመቶ ሲሆኑ ቫይረሱ ከሌለባቸው ግን 56.4 በመቶ ሞቱ። ሐኖቨር ውስጥ በሃንስ ቲልማን የተመራው የ197 ታማሚዎች ጥናትም ወደዚያው አመለከተ።

ያን ጊዜ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለተራው ሰው የማይደረስበት ነበር። በየሠፈሩ ድንኳን ይተከል እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ቁጥር እንደ ላቦራቶሪ ወሬ ብቻ አያነበውም። በእርግጥ ማንም ቫይረስ ወግቶ ያከመ የለም፤ ማድረግም አይገባም ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን የሚሠራበት መንገድ ይታይ ጀመር። ጂቢቪ ሲ ባለበት ነጭ የደም ሴል ውስጥ ኤችአይቪ በዝግታ ይባዛል። ኤችአይቪ የሚገባበት ሲሲአር5 የተባለው በር ከሴሉ ላይ ይቀንሳል፤ በሩን የሚዘጉ ኬሞካይኖች ደግሞ ይጨምራሉ።

ተቃውሞም ነበር፤ ተገቢም ነበር። ቫይረሱ የሚኖረው በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ከሆነ ሲዲ ፎር የተባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው የቀነሱ ሰዎች ቫይረሱንም ያጣሉ። ያን ጊዜ የቫይረሱ መጥፋት የመሞት ምክንያት ሳይሆን የመዳከም ምልክት ይሆናል። በ2004 በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ክትትል የተደረገላቸው 271 ወንዶች ደም ሲመረመር ኤችአይቪ ከያዛቸው ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት በኋላ ጂቢቪ ሲ የሌለባቸው ካለባቸው ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የመሞት ዕድል ነበራቸው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይዘውት ያጡት ነበሩ። ይህም ለሁለቱም ወገን ክርክር ይመቻል። ምክንያቱን ከምልክቱ ለመለየት ቫይረሱ መቼ እንደገባ በትክክል የሚታወቅበት ሁኔታ ያስፈልግ ነበር።

መልሱ በ2012 የመጣው እንደገና ከደም ለጋሾች ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ኤችአይቪ ያለባቸው ደም የተሰጣቸው ታማሚዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ነበር፤ የተሠራው ደሙ እንዴት ቢጣራ ይሻላል የሚለውን ለማወቅ ነው። ናሙናዎቹ ተቀምጠው ቆይተው ነበር። ፋርናዝ ቫሂድኒያና ባልደረቦቿ የ489 ሰዎችን ናሙና መርምረው ከተሰጣቸው ደም ጋር ጂቢቪ ሲ የገባባቸውን ለዩ። ቫይረሱ ከለጋሽ የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይልቅ የመሞት አደጋቸው ቀንሶ ተገኘ። ለጋሾቹ ምን እንደሰጡ አላወቁም፤ ተቀባዮቹም አላወቁም። በ1996 አደጋ ተብሎ የተፈራው ነገር፣ በደም ቦርሳ ቫይረሱን መስጠት፣ በእነዚያ ሕይወታቸው አፋፍ ላይ በነበሩ ሰዎች ላይ ሲታይ ዕድሜ የጨመረ መሰለ።

ሄፓታይተስ የሚለው ስም ከሳይንስ ጽሑፎች እየወጣ ሄደ። በ2011 ስቴፕልተን፣ ሲመንድስና ሌሎች ቫይረሱ ከዘመዶቹ ጋር ፔጊቫይረስ በሚባል የራሱ ወገን እንዲመደብ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነትም አገኘ። በ2015 ሁለተኛ የሰው ፔጊቫይረስ ተገኘ፤ ይሄኛው የሚታየው በአብዛኛው ሄፓታይተስ ሲ በያዛቸው ላይ ነው። በዚያው ዓመት በምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ የታመሙ ሰዎች ደም ሲፈተሽ ከሩብ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ፔጊቫይረስ ይዘው ነበር። ከእነሱ የተረፉት በርከት ያሉ ቢመስሉም ቁጥራቸው ጥቂት፣ ዕድሜያቸውም የተለያየ ስለነበር ተመራማሪዎቹ ከዚያ በላይ አልሄዱም።

በዚህ ብቻ ግን ቫይረሱ ነጻ ወጣ ማለት አይቻልም። አንዳንድ ጥናቶች በሊምፎማ ታማሚዎች ላይ ከጤነኞች ይልቅ በብዛት አግኝተውታል። ከ2018 ወዲህ ባልተለመደ የአንጎል ብግነት የሞቱ ጥቂት ሰዎች አንጎል ውስጥም ተገኝቷል። በ2025 ደግሞ ቺካጎ ውስጥ፣ የቀዶ ሐኪሙ ደም በተቀዳበት ከተማ፣ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ኢጎር ኮራልኒክና ባልደረቦቻቸው በፓርኪንሰን ሕመም ከሞቱ 10 ሰዎች የ5ቱ አንጎል ውስጥ አገኙት፤ ያለ ፓርኪንሰን ከሞቱ 14 ሰዎች በአንዱም አልነበረም። ቀጥለው ከ1,000 በላይ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የደም ናሙና ተመለከቱ። ቫይረሱ የተገኘው 1 በመቶ ገደማ ላይ ነው፤ በአሜሪካ ለጋሾች ላይ ከሚጠበቀው እምብዛም አይርቅም። ነገር ግን ከፓርኪንሰን ጋር የሚያያዝ ኤልአርአርኬ2 የተባለ የዘረመል ለውጥ ባላቸው ሰዎች ላይ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ለቫይረሱ የሚሰጠው ምላሽ ለውጡ ከሌላቸው የተለየ ሆኖ ተገኘ።